ባቡር የለቀቀው ዳርቻ

በጣሊያን ምሥራቃዊ ጠረፍ 42 ኪሎ ሜትር የሚሆን አሮጌ የሐዲድ መስመር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። መንገዱ የእኛን ታሪክ በሚነኩ ቦታዎች ያልፋል፤ የሚያነሣው ጥያቄም ለአሮጌው የለገሃር ባቡር መስመርና ለሐይቆቻችን ዳርቻ የሚበጅ ነው።

ኦርቶና ገደል አፋፍ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከላይ አብያተ ክርስቲያኗና ጠባብ ጎዳናዎቿ፣ ከታች ወደቧ፣ ከወደቡ ወዲያ የአድሪያቲክ ባሕር። ጠረፉ ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከት ፀሐይ ከውኃው ትወጣለች፤ ማለዳ ላይ ገደሉ ሁሉ ወርቅማ ይሆናል። በዚህ ሰዓት ከከተማዋ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ የሚታየው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይሄዳሉ። የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናት አለች። ብስክሌተኞች ደወላቸውን አቃጭለው በጎን ያልፋሉ። ውሻውን ይዞ የወጣ፣ ላቡ እስኪንጠባጠብ የሚሮጥ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ዝም ብሎ የሚያይ አለ። መኪና ግን የለም። መግቢያ በር፣ ትኬት ቆራጭ፣ ዘበኛም የለም። ማንም ሰው መጥቶ ይሄዳል።

የዛሬ 25 ዓመት በዚሁ ቦታ ቆሞ መገኘት ሕይወትን ያሳጣ ነበር። መሬቱ የባቡር ነበርና። ከቦሎኛ ወደ ባሪ የሚምዘገዘጉ ባቡሮች ከማዕበሉ ጥቂት ሜትሮች ርቀው ያልፉ ነበር። ዛሬ ባቡሩ ሄዷል፤ ሐዲዱም ተነቅሏል። ከኦርቶና ተነሥቶ በሳን ቪቶ ኪየቲኖ፣ በሮካ ሳን ጆቫኒ፣ በፎሳቼዚያ፣ በቶሪኖ ዲ ሳንግሮ፣ በካዛልቦርዲኖና በቫስቶ አድርጎ ሳን ሳልቮ የሚደርሰው መስመር አሁን ቪያ ቬርዴ ይባላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየክፍሉ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተከፈተው ይህ መንገድ፣ አንድ ሕዝብ በእጁ የቀረችውን ጠባብ መሬት ምን ሊያደርግባት እንደሚችል የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሐዲዱ ለምን ባሕር ዳር ተዘረጋ፣ ለምንስ ተነሣ?

ጣሊያን በ1861 አንድ መንግሥት ስትሆን ሰሜኑንና ደቡቡን በቅጡ የሚያገናኝ መንገድ አልነበራትም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አዲሱ መንግሥት ከያዛቸው ትላልቅ ሥራዎች አንዱ የአድሪያቲክን ጠረፍ ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርድ ባቡር ነበር። ሐዲዱ በ1863 ኦርቶና ደረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ፎጃ ገባ።

ጠረፉ የሚገኝበት የአብሩዞ ክልል ኮረብቶች ሸክላማ አፈር ናቸው። ዝናብ ሲጠግቡ ይንሸራተታሉ። ከማየላ ተራራ የሚነሡት ወንዞችም ኮረብታውን እየሰነጠቁ ወደ ባሕር ይወርዳሉ። መሐንዲሶቹ ያን ሁሉ ሸለቆ በድልድይ ከመሻገር ይልቅ በኮረብታው ግርጌና በውኃው መካከል ያለችውን ቀጭን ሜዳ መረጡ። ርካሽና ቀላሉ መንገድ እሱ ነበር።

ባቡሩ ለጠረፉ ሕዝብ ገበያ አመጣለት፤ ዓሣውና ወይኑ ሩቅ ከተማ ደረሰ። በአንጻሩ ኮረብታ ላይ ያሉት መንደሮች ከባሕራቸው ተለዩ። ባሕሩን እንደ ልቡ የሚያየው በመስኮት በኩል የሚያልፈው ተሳፋሪ ሆነ። መስመሩም ቢሆን ዕረፍት አልነበረውም። ሐዲዱ ነጠላ ስለ ነበር ባቡሮች እርስ በርስ እየተጠባበቁ ያልፋሉ፤ ማዕበል ግንቡን ይገዘግዛል፤ ናዳ ሐዲዱን ይዘጋል። በመጨረሻ ረጃጅም ዋሻዎች ያሉት ጥንድ ሐዲድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተሠራና ባቡሩ በ2005 ወደዚያ ተዛወረ። ከ140 ዓመት በኋላ ጠረፉ ባዶ ሆነ።

ወሳኙ ጊዜ ያኔ ነበር። በእጅ የቀረው ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ሳይቆራረጥ በአሥር የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን የሚሸፍን የሕዝብ መሬት ነው። የባሕር ዳር መሬት ደግሞ በየትም አገር ውድ ነው። ለሆቴልና ለቪላ በየቁራጩ ሊሸጥ ይችል ነበር፤ የመኪና መንገድ ሊሆንም ይችል ነበር፤ እሾህና ቆሻሻ ውጦት ሊቀርም ይችል ነበር። የኪየቲ ጠቅላይ ግዛት አስተዳደር መስመሩ እንዳለ ተጠብቆ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ እንዲሆን ወሰነ። ሥራው ብዙ ዓመት ወሰደ፤ ገንዘብ ዘገየ፤ ክርክር በዛ። ቢሆንም መስመሩ ስላልተሸነሸነ፣ ገንዘቡ ሲገኝ መንገዱን ማውጣት ተቻለ።

አሮጌ የባቡር መስመር ለእግርና ለብስክሌት የሚስማማበት ምክንያት አለው። ባቡር ከባድ ነው፤ በብረት ላይ የሚሽከረከር የብረት ጎማ ዳገት አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሱ መስመሩን ሲያወጣ ጉብታውን ይቆርጣል፣ ጎድጓዳውን ይሞላል፣ ሹል ጠመዝማዛውን ያቀናል፣ ኮረብታ ሲገጥመው በዋሻ ይበሳዋል። ይህ ሁሉ ድካም ለባቡሩ የተደከመ ቢሆንም ዛሬ የሚጠቀሙበት ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌና ብስክሌት ገና የለመደች ልጅ ናቸው። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ መንገድ መሄድ ይችላሉ።

ንጉሡ የሸሸበት ወደብ

ከመንገዱ በላይ ኦርቶና ውስጥ የሐዋርያው የቅዱስ ቶማስ ባዚሊካ አለ። የችንካሩን ምልክት ካልዳሰስኩ አላምንም ያለው ሐዋርያ አፅም ከኪዮስ ደሴት በ1258 ወደዚህ እንደ መጣና በዚህ እንዳረፈ ይነገራል። ከሮም ተነሥተው በእግራቸው እስከ ኦርቶና የሚሳለሙ ተጓዦች ዛሬም አሉ። የኢትዮጵያ ምእመን በየዓመቱ ከትንሣኤ በኋላ በዳግማይ ትንሣኤ የሚያስበውን ሐዋርያ እዚህ ጠረፍ ላይ ሲያገኘው ልቡ መነካቱ አይቀርም።

ለእኛ ግን ኦርቶና ሌላም የምታስታውሰን ነገር አላት። በግንቦት 1936 የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ማዕረግ ለራሱ ወሰደ። ጦሩን መርቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው፣ በመርዝ ጋዝ ሕዝባችንን የፈጀው ማርሻል ፒየትሮ ባዶልዮ ደግሞ የአዲስ አበባ መስፍን ተብሎ ተሾመ። ሁለቱ ሰዎች ከሰባት ዓመት በኋላ ወደዚህ ጠረፍ መጡ፤ የመጡት ግን ሲሸሹ ነው።

ጣሊያን ጀርመንን ከሚወጉት ተባባሪ ኃይሎች ጋር የገባችው የእርቅ ስምምነት በመስከረም 8 ቀን 1943 በይፋ ተነገረ። በማግሥቱ ንጋት ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ባዶልዮና ጄኔራሎቹ ጀርመኖች ሳይደርሱባቸው ከሮም በመኪና ወጡ። ጦሩን ትእዛዝ አልባ፣ ዋና ከተማውንም ጠባቂ አልባ ትተው ነው የሄዱት። ንጉሡ ለኦርቶና ቅርብ በሆነው በክሬክዮ ቤተ መንግሥት ቆየ፤ ባዶልዮ ከፔስካራ ወደብ ባዮኔታ በምትባል የጦር መርከብ ተሳፈረ፤ ንጉሡም በዚያው ሌሊት ከኦርቶና ወደብ ተሳፍሮ ወደ ብሪንዲዚ ሄደ። ቀኑ በእኛ ጳጉሜን 4 ቀን 1935 ዓ.ም. ነበር፤ ለአዲስ ዓመት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት። ኢትዮጵያ ነፃነቷን ካስመለሰች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ያለው ሰው በጨለማ መርከብ ሲሳፈር፣ እውነተኛው ንጉሠ ነገሥት አዲስ አበባ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

ባዶልዮ በኢትዮጵያ ለፈጸመው ወንጀል ለፍርድ እንዲቀርብ መንግሥታችን ከጦርነቱ በኋላ ጠይቆ ነበር። ለፍርድ ሳይቀርብ በ1956 በአገሩ ሞተ። ይህ ሐቅ በመንገዱ ላይ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ንጉሡ ትቶት የሄደውን ዕዳ የከፈለችው ኦርቶና ናት። ጀርመኖች ከጣሊያን አንዱ ባሕር እስከ ሌላው የዘረጉት የመከላከያ መስመር በዚህ በኩል ያልፍ ነበር። በታኅሣሥ 1943 የካናዳ ወታደሮች የሞሮን ወንዝ ተሻግረው ከተማዋን ለመያዝ ከጀርመን ፓራሹተኞች ጋር ለአንድ ሳምንት ያህል ቤት ለቤት ተዋጉ። ጎዳናው በጥይት ስለ ተዘጋ የቤቱን ግድግዳ በፈንጂ እየበሱ ከአንዱ ሳሎን ወደ ሌላው ይሻገሩ ነበር። ከ1,300 በላይ የከተማዋ ነዋሪ አለቀ። ከከተማዋ በስተ ደቡብ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ቦታ ላይ የሞሮ ወንዝ የካናዳ ጦር መቃብር አለ፤ ከ1,300 የሚበልጡ ካናዳውያን እዚያ ያርፋሉ። ከመንገዱ ወጣ ብሎ እዚያ መድረስና የመቃብር ድንጋዮቹን ማንበብ ከጉዞው የማይለይ ነገር ነው። ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ነበሩ።

በውኃ ላይ የቆሙ የእንጨት ማማዎች

ከሞሮ ወንዝ አልፎ ወደ ሳን ቪቶ ሲጠጉ በውኃው ላይ የቆሙ እንግዳ ነገሮች ብቅ ይላሉ። ብዙ ቀጫጭን እግር ያላቸው የእንጨት መድረኮች ናቸው። ከዳርቻው ጋር የሚያገናኛቸው ጠባብ የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ ከመድረኩ ደግሞ ረጃጅም ሞፈር የመሰሉ ግንዶች ወደ ባሕሩ ይወጣሉ። ትራቦኮ ይባላሉ፤ ሲበዙ ትራቦኪ። ጠረፉም በእነሱ ስም የትራቦኪ ጠረፍ ይባላል።

ትራቦኮ የዓሣ ማጥመጃ መሣሪያ ነው። ከግንዶቹ ጫፍ ትልቅ ጠፍጣፋ መረብ በገመድ ይንጠለጠላል። አጥማጆቹ መረቡን ወደ ባሕሩ ወለል ይለቁታል፤ በጠረፉ ዳር የሚያልፈውን የዓሣ መንጋ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ። ዓሣው ከመረቡ በላይ ሲሆን ገመዱ የተጠመጠመበትን መዘውር በመግፋት መረቡን በፍጥነት ወደ ላይ ያወጡታል። ሥራው ጀልባ አይፈልግም፤ ማዕበል የሚፈራ ገበሬ በመሬቱ ላይ እንደ ቆመ የባሕሩን ሲሳይ የሚያገኝበት ዘዴ ነው። የዚህ ጠረፍ ሰው ወይራና ወይን የሚያለማ ገበሬ ነው፤ ባሕሩን ሁለተኛ ማሳው አደረገው።

እንጨቱ ለዓይን የሚሰበር ይመስላል። ይሁንና አሠራሩ ብልህ ነው። መድረኩ በብዙ ቀጭን ምሰሶና ገመድ ስለ ተያያዘ ማዕበል ሲመጣ አይጋፈጠውም፤ ይወዛወዛል፤ ውኃው በእግሮቹ መካከል ያልፋል። አንድ ምሰሶ ሲበሰብስ ያ ብቻ ይለወጣል። ቢሆንም ባሕር ሁልጊዜ አይምርም። በሳን ቪቶ ያለው ታዋቂው ትራቦኮ ቱርኪኖ በ2014 በማዕበል ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል።

ቱርኪኖን ታዋቂ ያደረገው በፔስካራ የተወለደው ገጣሚና ደራሲ ገብርኤሌ ዳኑንዚዮ ነው። የተወለደው ባቡሩ ኦርቶና በደረሰበት ዓመት፣ በ1863 ነው። በ1889 በጋ ሳን ቪቶ ቤት ተከራይቶ ቆየ፤ በ1894 ባሳተመው ልብ ወለድም ትራቦኮውን ሥሎታል። ይኸው ሰው በስተርጅናው ኢትዮጵያ ስትወረር ብዕሩን ለወረራው ሰጠ። ከዚያችው ፔስካራ ከተማ ግን በ1910 ሌላ ደራሲ ተወልዷል፤ ኤንዮ ፍላያኖ። ፍላያኖ በወጣትነቱ መኮንን ሆኖ በወረራው ዘምቷል። ተመልሶ በ1947 ያሳተመው ልብ ወለድ ስለ ድልና ስለ ክብር አይደለም፤ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሴት የገደለ ጣሊያናዊ መኮንን በጥፋቱ ሲባዝን የሚያሳይ ነው። መጽሐፉ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት አገኘ። ከአንድ ከተማ የወጡ ሁለት ጸሐፊዎች ስለ አንድ ወረራ የተለያየ ምስክርነት ሰጡ። ታሪክ የፈረደው ለፍላያኖ ነው።

ዛሬ አብዛኞቹ ትራቦኪ ምግብ ቤት ሆነዋል። መረቡ ለእንግዳ ማሳያ ሲወርድና ሲወጣ ይታያል፤ የሚበላው ዓሣ ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይችላል። በዚህ የሚያዝኑ የአገሬው ሰዎች አሉ፤ ኀዘናቸውም ተገቢ ነው። በሌላ በኩል እንጨት በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋል፤ ጥገና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡን የሚያመጣው ከመንገዱ ወርዶ ምሳ የሚበላው ተጓዥ ነው። እንግዳ ባይኖር ብዙዎቹ ማማዎች ባሕር ውስጥ ሊወድቁ ይችሉ ነበር።

ዋሻው፣ ገዳሙና ውድድሩ

ከሳን ቪቶ በኋላ መንገዱ በባቡሩ አሮጌ ዋሻዎች ውስጥ ይገባል። ከበጋው ሙቀት ወደ ዋሻው ሲገቡ ቅዝቃዜው ፊትን ይመታል፤ መብራት ስላለ ጨለማው አያስፈራም። የልጆች ድምፅ በግንቡ እየተጋጨ ይመለሳል። ከወዲያኛው አፍ ሲወጡ ባሕሩ ድንገት ይከፈታል፤ በስተቀኝ የወይራ ተክል፣ በስተግራ ጠጠራማ ዳርቻ። ሰማዩ ጠርቶ ከሆነ በስተደቡብ ምዕራብ 2,793 ሜትር የሚደርሰው የማየላ ራስ በረዶውን እንደ ተሸከመ ይታያል። አንዳንድ ዓመት በሰኔ ወር ባሕር እየዋኙ በረዶ ማየት ይቻላል።

ፎሳቼዚያ ላይ ከመንገዱ በላይ ባለው ኮረብታ የሳን ጆቫኒ ኢን ቬኔሬ ገዳም ቆሟል። የአሁኑ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ የተጀመረው በ1165 ነው፤ ከዚያ በፊት በቦታው የቬኑስ ቤተ ጣዖት ነበረ ይባላል። ቤኔዲክታውያን መነኮሳት ከዚህ ኮረብታ ሆነው ጠረፉን ያስተዳድሩ ነበር። ከግቢው ቁልቁል ሲታይ መንገዱ እንደ ነጠላ ጥለት ባሕሩን ተከትሎ ይሄዳል። ወደ ገዳሙ የሚወስደው ዳገት ግን ባቡር ያልደለደለው ነው፤ ብስክሌት የያዘ ሰው ወርዶ ቢገፋ ይሻለዋል።

ይህን ጠረፍ ለዓለም ያሳየው የብስክሌት ውድድር ነው። የ2023 ጂሮ ዲታሊያ የመጀመሪያ ቀን ውድድር ግንቦት 6 ከፎሳቼዚያ ባሕር ዳር ተነሥቶ ኦርቶና ላይ የተጠናቀቀ 19.6 ኪሎ ሜትር የሰዓት ፉክክር ነበር፤ የጉዞው አብዛኛው ክፍልም በዚሁ የብስክሌት መንገድ ላይ ነበር። ቤልጅየማዊው ሬምኮ ኤቨንፑል አሸነፈ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ በ2022 ጂሮ ከጎረቤት ከተማዋ ከፔስካራ ተነሥቶ ዬዚ የደረሰውን ውድድር ያሸነፈው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ነው። ከሦስቱ ታላላቅ የብስክሌት ውድድሮች በአንዱ የአንድ ቀን ድል ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። አያቶቻችንን በባሕር የመጣ ጦር ከወጋበት ዘመን ተነሥቶ የቀይ ባሕር ልጅ በአድሪያቲክ ጠረፍ አሸናፊ እስከ ሆነበት ቀን ድረስ ያለውን ርቀት ማሰብ ደስ ያሰኛል።

ባለሙያ ጋላቢዎቹ በዚህ መንገድ ላይ የነበሩት አንድ ቀን ብቻ ነው። መንገዱን በሌላው ቀን ሁሉ የሚጠቀምበት ተራው ሰው ነው። የብስክሌት ኪራይ ቤት የከፈተ ወጣት፣ ትርፍ ክፍሏን የምታከራይ እመቤት፣ የታጠፈ ድንኳን ጀርባው ላይ የጫነ ተማሪ። ቀድሞ የጠረፉ እንግዳ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚመጣ ባሕር ዋናተኛ ነበር። ለሚራመድና ለሚጋልብ ሰው ግን የሚመቸው መጸውና ጸደይ ነው።

የመንገዱ ቁስሎች

ከፎሳቼዚያ ወዲያ የሳንግሮ ወንዝ ወደ ባሕር ይገባል። በኅዳር 1943 ብሪታንያውያን፣ ሕንዳውያንና ኒውዚላንዳውያን በጎርፍ የሞላውን ወንዝ በውጊያ ተሻግረውታል። በቶሪኖ ዲ ሳንግሮ አጠገብ ባለው የጦር መቃብር ከ2,600 በላይ ሰዎች አርፈዋል፤ በእምነታቸው መሠረት አስከሬናቸው የተቃጠለ የሕንድ ወታደሮች መታሰቢያም አለ።

ከዚያ ወደ ካዛልቦርዲኖና ወደ ቫስቶ ሲሄዱ ጠረፉ ዱር ይሆናል። ከ1998 ጀምሮ የተከለለው የፑንታ አደርቺ ጥብቅ ቦታ የአሸዋ ክምርና ገደል አለው። በአሸዋው ላይ ትንንሽ የባሕር ዳር ወፎች እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ በጸደይ ወራት ጎጆአቸው እንዳይረገጥ በገመድ ይታጠራል። ከበላዩ 70 ሜትር ከፍታ ያለው የፑንታ ፔና የመብራት ማማ ይታያል፤ ከጄኖቫው ቀጥሎ በጣሊያን ሁለተኛው ረጅም ነው።

መንገዱ እንከን አልባ አይደለም። ሥራው በየክፍሉ ስለ ተከናወነ በአንዳንድ ቦታ ሳይገናኝ ቆይቶ ተጓዡን የጭነት መኪና ወደሚያልፍበት አውራ ጎዳና ሲያወጣው ኖሯል። ሸክላማው ኮረብታም ዛሬም ይንቀሳቀሳል። በ1956 በቫስቶ የደረሰው ናዳ ከጥንታዊቷ ከተማ አንድ ክፍል ይዞ ወርዷል፤ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የቀረው የፊት በሩ ብቻ ነው። ባሕሩም በበኩሉ ዳርቻውን ይበላል፤ ወንዞቹ በግድብ ስለ ተያዙ የሚያመጡት አሸዋ ቀንሷል። ባቡሩን ያስቸገረው ናዳና ማዕበል መንገዱንም ያስቸግረዋል። መንገድ ተመርቆ የሚያበቃ ሥራ አይደለም፤ በየዓመቱ በጀት የሚፈልግ አደራ ነው።

እግረኛና ብስክሌተኛ በአንድ ላይ መሄዳቸውም ሥርዓት ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከበዛ ወዲህ ፍጥነቱ ጨምሯል። ልጅ ድንገት ይሻገራል፤ ሽማግሌ የደወል ድምፅ አይሰማም። ሕጉ ቀላል ነው፤ ፈጣኑ ለቀርፋፋው ይጠነቀቃል። ይህን ሳያስተምሩ መንገድ ብቻ መክፈት አደጋ መጋበዝ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። የጣሊያን ፓርላማ በ2001 ባወጣው ሕግ በዚህ ጠረፍ ኮስታ ቴያቲና የተባለ ብሔራዊ ፓርክ እንዲቋቋም ወስኖ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ ቢያልፍም ወሰኑ ላይ ስምምነት ጠፍቶ ፓርኩ በወረቀት ቀርቷል። ሰው በብዛት እየመጣ ነው፤ ጠረፉን ከግንባታ የሚጠብቀው አጥር ግን ገና አልቆመም። የመንገዱ ውበት ራሱ ቪላ ገንቢዎችን እንዳይጠራ አሁኑኑ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የእኛ ሐዲድና የእኛ ዳርቻ

በጣሊያን ሕግ የባሕር ዳርቻ የመንግሥት፣ ማለትም የሕዝብ ሀብት ነው። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝቦች ነው። በሕግ በኩል የሚያንሰን ነገር የለም። ሆኖም በቢሾፍቱ ሐይቆችና በጣና ዳር ውኃውን ለማየት ሆቴል ገብቶ ለስላሳ ማዘዝ ግድ የሚሆንባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ሐይቁ የሕዝብ ነው እየተባለ ዳርቻው በአጥር ከተያዘ፣ ሕዝቡ የሐይቁ ባለቤት የሆነው በስም ብቻ ነው።

ብስክሌት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተሳተፈችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞች ነበሯት። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ስለሆነች ተማሪውም ሠራተኛውም ሳይክል የሚነዳባት ከተማ ሆና ኖራለች። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተለየ መስመር አለው። ይህ ጥሩ ጅምር ነው። ድልድዩን የተሻገረ ሳይክል ነጂ ከዚያ በኋላም ሳይቋረጥ የሐይቁን ዳር ይዞ የሚሄድበት መንገድ ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ልናስብበት የሚገባ አሮጌ ሐዲድ አለን። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው፣ በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የ784 ኪሎ ሜትር ምድር ባቡር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በራሱ መስመር በ2016 ተመርቋል፤ ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ ያለው አሮጌው መስመር ግን ሥራ የለውም። በአቃቂ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ በኩል ያልፋል፤ መተሐራ ላይ እያደገ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ ዳር ይደርሳል፤ የአዋሽን ገደል ይሻገራል። ጉብታው ተቆርጦለታል፣ ጎድጓዳው ተሞልቶለታል፤ ይህን የሠሩት በፀሐይና በወባ ያለቁ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው። የኦርቶናው መንገድ ካለው የመሬት ዝግጅት የሚያንስ ነገር የለውም።

በአዲስ አበባ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴር ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ከስትራቴጂው ጋር የሚሄድ መሬት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አሮጌው ሐዲድ በከተሞቹ መካከል ተዘርግቶ አለ። መስመሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ ማንም አይጠይቅም። ቢሾፍቱ ላይ፣ አዳማ ላይ፣ ድሬዳዋ ላይ በየከተማው ውስጥ የሚያልፈው ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢጸዳና ለእግረኛ ቢከፈት ተማሪ ከመኪና ርቆ ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ ሽማግሌ ጥላ ስር ይናፈሳል። አሮጌዎቹ ጣቢያዎችም ሙዚየምና ሻይ ቤት ሆነው ነፍስ ይዘራሉ።

የአብሩዞ ጠረፍ የሚያስተምረን ዋና ነገር ገንዘብ አይደለም። ባቡሩ ከሄደ በኋላ መንገዱ እስኪሠራ ብዙ ዓመት አልፏል፤ በእነዚያ ዓመታት መሬቱ ሳይቆራረስ ቆየ። ገንዘብ ዘግይቶም ይመጣል። አንዴ ተሸንሽኖ ለግለሰብ የተሰጠ መስመር ግን በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገጣጠምም። ስለዚህ የከተማ ከንቲባዎችና የምድር ባቡር ኃላፊዎች ዛሬ እንዲያደርጉ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። አሮጌው የሐዲድ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለክቶ በሕዝብ ስም ይመዝገብ፤ ቁራጩም ለማንም አይሰጥ። በመስመሩ አጠገብ የምትኖሩ አንባቢዎችም የሐዲዱ መሬት ሲታጠር ካያችሁ ቀበሌያችሁን ጠይቁ። መሬቱ የእናንተ ነው።